በእኔ ስልክ የተመዘገበው የቲቸር ድምፅ

ጡረታ የወጡት የባዮሎጂ መምህራችን ልብን ሲያስረዱ ሁልጊዜ ከኮንዶሚኒየም ይጀምራሉ። «አራት ክፍል ያለው ቤት አስቡ» ይላሉ። «ሁለቱ ላይ፣ ሁለቱ ታች። ደም እንግዳ ነው፤ በገባበት በር አይወጣም።» ይህን የሚሉት ደግሞ ጭንቅላታቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተው ነው። እውነቴን ነው! ቤታቸው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ከባህር ዛፉ ነፋስ፣ ከጎረቤት ዶሮና ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሚያመልጥ ቀረጻ የተገኘው የባለቤታቸው ካፖርቶች በተሰቀሉበት ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። እኔ ስልኬን አንዱ ካፖርት ኪስ ውስጥ እሰካለሁ፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፤ እኔ ከኋላቸው ሳቄን አፍኜ እቆማለሁ።

የሚያነቡት ለጓደኛዬ ነበር። ማለቴ፣ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ሁሉ ነው፤ ለእኔ ግን ሁሉም ማለት እሷ ናት። አብረን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነን፣ አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን። የባዮሎጂ መጽሐፋችን በእንግሊዝኛ ነው። ቲቸር አንድ ገጽ ያነቡና በአማርኛ ያብራራሉ፤ ሥዕል ሲደርስባቸው ደግሞ ሥዕሉን በቃል ይሥሉታል። እሷ ይህን በስልኳ በአንድ አፕ ታዳምጣለች። አፑን የሚያስተዳድረው ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ የቻለ ሁሉ አይቶ ሊያስተካክለው ይችላል፤ የሚያነቡትም እንደኛ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከእኛ ሰፈር የምናነበው ሦስት ነን፦ ቲቸር፣ ባንክ የምትሠራ አንዲት ጎረቤታችን (እሷ ተረት ታነባለች) እና እኔ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። አንባቢ ለመሆን ኢሜይልና ስልክ ቁጥር አስገብቶ መመዝገብ ያስፈልጋል። ቲቸር «እኔ ይሄን ምናምን አላውቅም፣ አንቺው ጨርሺው» አሉኝ። የባንኳ ሴትዮ «የይለፍ ቃሌ ጠፍቶኛል፣ ባክሽ ባንቺ አድርጊው» አለች። በእኛ ሰፈር እንዲህ ነው። የቆጣሪ ካርድም ይሁን የወረዳ ፎርም፣ ስልክ የሚችል ልጅ ይጠራና «አንቺው ጨርሺው» ይባላል። እኔም ሦስታችንንም በእኔ ቁጥር መዘገብኩ። «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚለው ሳጥን ላይ ሦስት ጊዜ ምልክት አደረግሁ። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እንዲያውም ኮርቼ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቲቸር ቤት በረንዳ ላይ አራታችን ተቀምጠን ሳለ የጓደኛዬ ስልክ ተናገረ። ስልኳ የሚመጣውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ ሰው አለ የለም ብሎ አያፍርም።

«ማስታወቂያ። ለውድ ማኅበረሰባችን። ከአንድ የንግድ ኩባንያ ጋር የትብብር ስምምነት መፈራረማችንን የምንገልጸው በታላቅ ደስታ ነው። የሚስቅ ፊት። የሚስቅ ፊት።»

«ሁለቴ ሳቀ?» አሉ ቲቸር።

«ምን የሚሠራ ኩባንያ ነው?» አለች የባንኳ ሴትዮ። «እስቲ ቀጥዪው።»

ጓደኛዬ ጣቷን አንሸራተተች። ኩባንያው በስልክ ለሰዎች የሚመልስ ማሽን ይሠራል። ማሽኑን አማርኛ ለማስተማር አፑ ላይ ያሉትን ድምፆች ይጠቀማል።

«እና ነገ ሰው ሲደውል በእኔ ድምፅ ‹እባክዎ መስመር ላይ ይጠብቁ› ሊባል ነው?» አሉ ቲቸር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከሆኑማ እኔ ራሴ እየደወልኩ እጠብቃለሁ» አለች የባንኳ ሴትዮ። ሁላችንም ሳቅን። ቲቸር አልሳቁም።

ስልኩ ቀጠለ። «ለእያንዳንዱ አንባቢ የምርጫ መልእክት ይላካል። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መልስ ያልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል። ያልተስማማ አንባቢ ቅጂዎቹ በሙሉ ከመድረኩ ይነሳሉ።»

ቲቸር ባለ ቁልፏን ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩአት። «ለእኔ የደረሰኝ ነገር የለም» አሉ። «ሲደርሰኝ አስብበታለሁ።» መልሰው ከተቷት።

የእኔ ስልክ ያን ጊዜ ጭኔ ላይ ሦስት ጊዜ ነዝሮ ነበር። ማታ ስከፍታቸው አንዱ የቲቸር መልእክት ነበር።

ለምን ያኔውኑ አልተናገርኩም? አስቤበት ነው፣ ሳላስብ አይደለም። የማትሪክ ፈተና ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ጓደኛዬ ኩላሊት የሚለው ምዕራፍ ላይ ደርሳለች። አፑ የሚያሰማው እዚያው ውስጥ ነው፣ አውርዶ ማስቀመጥ አይቻልም። ስልኬ ሲሞላብኝ ደግሞ ዋናዎቹን ቀረጻዎች አጥፍቻቸዋለሁ። ቲቸርን አውቃቸዋለሁ፤ መልእክቱን ካዩ እምቢ ይላሉ። እምቢ ካሉ ባዮሎጂ ጠፋ። እኔ ዝም ካልኩ ግን አሥራ አራት ቀን ያልፍና እሺ እንዳሉ ይቆጠራል። ከእኔ የሚጠበቀው ምንም አለማድረግ ብቻ ነበር። እንዴት ቀላል ነው፣ አይደል?

በስድስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቲቸር በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ። ይቺን ስልኬን እዪልኝ። መልእክት ሞልቶባት ይሆን እንዴ የማይገባላት?»

ተቀበልኳቸው። ውስጧ የሎተሪና የጥቅል ማስታወቂያ ታጭቆ ነበር። አንድ በአንድ አጠፋሁላቸው።

«ምንም የለም፣ ቲቸር።»

በዚያች ስልክ ውስጥ ምንም ስላልነበረ አልዋሸሁም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራሴም አላመነኝም። «ተባረኪ የኔ ልጅ» አሉኝና ገቡ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የአፑ ሰዎች አያት አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ጠሩ። አራታችን ከመገናኛ ባቡር ይዘን ሄድን። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች፣ ወላጆችና አንባቢዎች ናቸው። ከድርጅቱ የመጣችው አስተባባሪ ወጣት ናት፣ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ ይዛለች፤ ድካሟ ከፊቷ ያስታውቃል። ክፉ ሰው እንድትሆን ፈልጌ ነበር። አልሆነችልኝም።

«የሚደግፈን አካል ድጋፉን አቆመ» አለች። «ቅጂዎቻችሁ የተቀመጡበትን ሰርቨር ማቆየት አልቻልንም። ከኩባንያው ጋር ካልሠራን ክረምት ላይ መድረኩ ይዘጋል። የደበቅኳችሁ ነገር የለም።»

ከካራ የመጡ አንድ አባት ተነሡ። «እህቴ፣ ኮዱን ለማንም ክፍት አደረግን ብላችሁናል። ጥሩ። ከኩባንያው ጋር የተፈራረማችሁትን ውል ግን ለምን አላየነውም?»

አዳራሹ አጨበጨበ። እሷ ውሃ ጠጣች።

«ለተማሪዎቹ እሺ፣ ለኩባንያው እምቢ ማለት ይቻላል?» አለ ሌላው ከኋላ።

«አሁን ባለው አሠራር አይቻልም። ምርጫው አንድ ነው።»

ከዚያ ቲቸር ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ክፍል ሊገቡ ይመስል። «ልጄ፣ እኔ መምህር ነኝ። ተማሪ እጁን ሳያወጣ መልስ ሰጥቷል ብዬ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። ለእኔ መልእክት አልደረሰኝም። ሳልጠየቅ እሺ ብሏል ተብዬ ልቆጠር ነው?»

«ልክ ነው!» «እውነታቸውን ነው!» ተባለ ከየአቅጣጫው። አስተባባሪዋ ደነገጠች። ስማቸውን ጠየቀቻቸውና ላፕቶፗ ላይ ፈለገች። እኔ ወንበሬን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ መልእክቱ ደርሷል። ተከፍቶም ተነቧል።»

«በየትኛው ስልክ?»

ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ጓደኛዬ አጠገቤ ነበረች፣ ክንዴን እንደያዘች። እሷ ስልክ ቁጥር በቃሏ ነው የምትይዘው። አስተባባሪዋ አምስተኛው ቁጥር ላይ ስትደርስ የጓደኛዬ እጅ ከክንዴ ላይ ላላ። ቁጥሩ ሳያልቅ ለቀቀችኝ።

ተነሣሁ።

«የእኔ ስልክ ነው። የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ። መልእክቱ ከመጣ አሥራ አንድ ቀኑ ነው።»

«ኧረ ጉድ! ኩባንያውን ስናማ ሌባው እኛው ጋ ተቀምጧል» አለች አንዲት ሴት፤ ሰው ሳቀ። ቲቸር አልተቆጡም። ዞረው አዩኝና ቁጭ አሉ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ጓደኛዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

«እኔ እንዳልወድቅ ነው ዝም ያልሽው?»

«አዎ።»

«ማን ለመነሽ?» አለች። «እኔን ሰበብ አድርገሽ ነው ሽማግሌውን የሸወድሽው። ኩባንያው እንኳን አሥራ አራት ቀን ሰጥቷቸው ነበር። አንቺ አንድም ቀን አልሰጠሻቸውም።»

እስከ መገናኛ ድረስ የጣቢያ ስም ብቻ ሲጠራ ሰማን። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

በማግስቱ ቲቸር ፊት ቆሜ መናገር ስላቃተኝ ጻፍኩላቸው። ሁለት ገጽ። በር ላይ ሰጥቼ ልሮጥ ስል «ቁሚ» አሉኝ፣ ቀይ እስክሪብቶ አወጡና እዚያው ያርሙ ጀመር! «‹ምናልባት› ሦስት ጊዜ ብለሻል። አድርገሻል ወይስ አላደረግሽም?» ሦስቱንም ሰረዙ። ከዚያ አንዱ መስመር ላይ ቆሙ፤ «እርስዎ የሚሉትን ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኩዎት» የሚለው ላይ። «ይሄ እውነት ነው። አይነካም» አሉ። ይቅር አላሉኝም ገና። እኔ ግን፣ ይታያችሁ፣ በዚያ ሁሉ ሃፍረት መሃል ደስ አለኝ። የጻፍኩት አንድ መስመር ሳይሰረዝ ቆሞ ነበር።

«አሁን ለእነሱም ጻፊ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ለተማሪው አንድ ምርጫ፣ ለኩባንያው ሌላ ምርጫ ይኑር፤ ዝም ያለ ሰውም እሺ እንዳለ አይቆጠር ብዬ፣ የራሴንም ጥፋት ጨምሬ፣ የአፑ ማኅበረሰብ በሚወያይበት ገጽ ላይ አወጣሁት። ከሥሩ የማላውቃቸው ሰዎች «እኔም» «እኔም» እያሉ ጨመሩበት፤ አንዱ ደግሞ ኮዱን አይቶ ምርጫውን ለሁለት መክፈል የሁለት ቀን ሥራ ነው ብሎ ጻፈ። እንዴት እንደዘለልኩ! በመጨረሻው ቀን ጠዋት አስተባባሪዋ መለሰች፦ «ሐሳቡን ለቀጣዩ ጉባኤ እናቀርባለን። ቀነ ገደቡ ግን አይራዘምም።»

የዚያን ቀን ከሰዓት ቲቸር በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ከምርጫው መልእክት ጋር የመጣውን የስምምነት ጽሑፍ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የባንኳ ሴትዮ «እኔ እሺ ብያለሁ» አለች። «መድረኩ ከሚዘጋ ማሽኑም ተረት ይማር፣ ምን አለበት።» ስልኩን ሰጠኋት፣ በራሷ ጣት ነካችው።

ቲቸር ስልኬን ተቀብለው ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። «ፈተናው ያንቺ ነው። ምን ትያለሽ?»

«ድምፁ የእርስዎ ነው፣ ቲቸር» አለች። «ለእኔ ብለው እሺ ካሉ፣ ባዮሎጂ በከፈትኩ ቁጥር እሱን ነው የማስበው። ያኔ እንዴት አጠናለሁ?»

አውራ ጣታቸውን «አልስማማም» የሚለው ላይ አሳረፉ። ስልኩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀ። «እርግጠኛ ነኝ» ብለው በቃል መለሱለትና እንደገና ተጫኑ።

ጓደኛዬ የራሷን ስልክ ከፈተች። «ባዮሎጂ» አለ ስልኳ። «ምንም ይዘት አልተገኘም።» አንድ ዓመት ሙሉ የተነበበው እንዲህ በሦስት ቃል አለቀ። የባንኳ ሴትዮ ነጠላዋን አስተካከለች።

ቲቸር ተነሥተው ገቡ። መጽሐፉን ይዘው ተመለሱና ለእኔ ሰጡኝ።

«የት ደርሰሽ ነበር?» አሉ ለእሷ።

«ኩላሊት ላይ።»

«ከሰኞ ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ እዚህ ናችሁ። ገጹን አንቺ ታነቢያለሽ» አሉኝ፣ «ሥዕሉን እኔ እነግራታለሁ። ዛሬ ግን ለምን እንቀመጣለን፣ ጀምሪ።»

ጀመርኩ። ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ ሲይዘኝ እፈጥናለሁ፤ መስመሩን በላሁት።

«ቀስ በይ» አለችኝ ጓደኛዬ። ከባቡሩ ወዲህ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነበር። «እንደሱ እየሮጥሽ ማን ይከተልሻል? ነጥብ ላይ ተንፍሺ።»

ተነፈስኩ። ከላይ ጀመርኩላት።