ለባነር የሚሆን ፎቶ

የሽማግሌው ጣቶች የኮምፒውተሩን ልብስ ጥብጣብ ቀስ ብለው ይፈታሉ። አበባ አበባ ያለበትን ልብስ አቧራ እንዳይገባበት ብላ የሰፋችው ባለቤታቸው ናት። ኤቦ በታኮራዲ ከተማ ገበያ ኮምፒውተር ሲጠግን ስንት ዓመቱ፤ እንዲህ ለብሶ የመጣ ኮምፒውተር ግን አይቶ አያውቅም። ሽማግሌው ራሳቸው ጥቁር የሐዘን ጨርቅ አጣፍተዋል።

ማሽኑ ሲበራ የፋብሪካው አርማ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ማሽኑም እንደገና ራሱ ይነሳል።

«አባባ፣ ይሄ እኮ በቫይረስ ተበልቷል! ሰፈሩ በሙሉ ነው እንዴ ፍላሹን የሰካበት?» አለ ኤቦ እየሳቀ።

«ባለቤቴ ናት። የመዘምራኑን መዝሙር ልትሰማ ብላ ነው፤ አትቆጣት።»

«ታዲያ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫንበት?»

«ተው ልጄ! ፎቶዋ እዚያ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ትቀበራለች፤ በቀብሩ ለሚሰቀለው ባነር የሚሆን ሌላ የለንም።»

ኤቦ ሳቁን ዋጠ። ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘው፤ ቫይረሱን አጸዳና ፎቶውን ከፈተ። ሴትዮዋ በጢስ የደረቀ ዓሣ ትሪ ሙሉ ታቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች።

ፎቶውን በንጹሕ ፍላሽ ገልብጦ ሰጣቸው። «ማተሚያ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሳይዘጋ ይድረሱበት።»

ሽማግሌው ተነሱና መልሰው ተቀመጡ።

«ከሥሯ የሞተችበትን ቀን ይጽፉበታል፣ አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እስቲ ምንም ሳይጻፍባት ትንሽ ልያት።»

ኤቦ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረላቸው። ከማዶ የማተሚያ ቤቱ የብረት በር እየተንገጫገጨ ወረደ፤ ሽማግሌው ዞር ብለው እንኳ አላዩም።