እህቴ ያላየቻቸው ፊልሞች

እኔና ታናሽ እህቴ ለቡ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን አራት ዓመት ስንኖር መዝናኛችን ፊልም ነበር። አባታችን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ሆሳዕና ያደግንበት ቤት ውስጥ ከመዝሙር ሌላ የሚከፈት ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ስንመጣ ያመለጠንን ሁሉ ለማካካስ የቆረጥን ይመስል፣ ጎፋ ካለ ፊልም የሚጭን ሱቅ ፍላሻችንን እያስሞላን እንመለስ ነበር።

የማንስማማው በክፍል ሁለት ነው። እኔ ክፍል ሁለት የሚባል ነገር ሁሉ በመጀመሪያው ስም ለመነገድ የሚሠራ ነው ባይ ነኝ። እሷ ደግሞ "የማውቃቸውን ሰዎች እንደገና ሳገኛቸው ደስ ይለኛል፣ ምን አገባህ?" ትላለች። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ክርክሩን በግራፍ ልቁረጠው ብዬ ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ፊልም ከአሥር ያገኘው ውጤት በአግድም፣ የክፍል ሁለቱ ወደ ላይ፣ መሃል ላይ ሰያፍ መስመር። ነጥቡ ከመስመሩ በላይ ካረፈ ክፍል ሁለቱ በልጧል ማለት ነው። ፊልሙ እንዳለቀ ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን በጣታችን ውጤት እናሳያለን፤ የየራሳችን በየዓምዳችን ይጻፋል፣ አማካዩ ግራፉ ላይ ይገባል። አንዳችን ብቻ ያየነው አይገባም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ አገባችና ሐዋሳ ሄደች። ሠርጓ ላይ እንደኔ ያጨበጨበ የለም። ቤቱ ግን ከበደኝ። መጀመሪያ ሰሞን ብቻዬን እያየሁ ደብተሩን አልነካውም ነበር። አንድ እሁድ "እሷ ብትኖር ስንት ትሰጠው ነበር?" ብዬ ገመትኩና በእሷ ዓምድ ጻፍኩት። ከዚያማ ለመድኩት። አሥራ አንድ ፊልም በስሟ ሞላሁ።

ባለፈው ክረምት ልትጠይቀኝ መጣች። ሻይ ሳፈላ ደብተሩን አግኝታ ትገልጣለች።

"ይሄን መቼ ነው ያየሁት?"

ሻዩን ማማሰል ቀጠልኩ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ገጹን ስትገልጥ ሳቋን ተወችው።

"ደግሞ ለሁሉም ሦስት፣ አራት! እኔ ለክፍል ሁለት እንዲህ ሰጥቼ አውቃለሁ?"

እውነቷን ነው። ነጥቦቹ በሙሉ ከመስመሩ በታች ተጠራቅመዋል። በእሷ ስም የጻፍኩት የራሴን ሆድ ነበር፤ ከሄደች ወዲህ የጣመኝ ፊልም የለም። ይህንኑ ልነግራት አፌን ከፍቼ "ስኳር ስንት ላድርግልሽ?" አልኳት።

"በል አንድ እውነተኛ ልስጥህ" ብላ እርሳሱን አነሳች። የጠራችው ፊልም ክፍል ሁለቱ ሲወጣ አንዳችን ያለ ሌላችን እንዳናየው የተማማልንበት ነው።

"ከባለቤቴ ጋር አየነው። ዘጠኝ! አንተስ?"

መሐላውን ረስታዋለች። እኔ ፍላሼ ላይ ካስጫንኩት ወራት አልፎታል፤ እሷን እየጠበቅኩ አልከፈትኩትም። ይህን ብናገር ደግሞ ማዘኗ ነው፤ ነጥቡም አይገባም።

"ዘጠኝ" አልኩ።

"አየህ!" አለችና በደስታ ትከሻዬን መታችኝ። የመጀመሪያው ስምንት ስለነበረ ነጥቡን ከመስመሩ በላይ በገዛ እጇ አስቀመጠችው። በማግስቱ ጠዋት ሸኘኋት።

ፊልሙን እስካሁን አላየሁትም። ብቻዬን ካየሁት ዘጠኝ እንዳልነፍገው እፈራለሁ።