የከሚሴው ባሕር ዳርቻ ምግብ ቤት

ዛሬ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ምሳ በላሁ። እዚሁ ከሚሴ!

ከጅቡቲ የመጣው የአክስቴ ልጅ «ወላሂ፣ እኛ ጋ ባሕር እያዩ ነው የሚበላው» እያለ ሲያደርቀኝ፣ አዲስ ወደተከፈተው «ባሕር ዳርቻ ምግብ ቤት» ወሰድኩት።

አሸዋ አለ፣ ጃንጥላ አለ፣ ባሕር የለም። «ባሕሩስ?» ብሎ ሳቀብኝ። አፈርኩ።

ምግቡ እንደቀረበ ከጎናችን የተቀመጡ ሼህ ዝናብ ለራቀው የጨፋ ሜዳ ገበሬ የዝናብ ዱዓ ጀመሩ። ዱዓ ሳያልቅ ደግሞ ማዕድ አይነካም። ቤቱ በሙሉ «አሚን!» አለ። እኔማ ርቦኝ ስለነበር ከሁሉም ጮክ ብዬ።

ሦስተኛው አሚን ላይ ዶፍ ወረደ። ጎርፉ ገብቶ ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። ዱዓው እስኪያልቅ ማንም አልተነሣም።

ባለቤቱ ሱሪውን ሰብስቦ፣ «ባሕር የለም ስትሉ አልነበር?» አለን።

የአክስቴ ልጅ ግን አሁንም፣ «ዓሣውስ?»

ሼሁ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

እናንተስ፣ ያላዘዛችሁት ቀርቦላችሁ ያውቃል?