ሽማግሌዎች ቲያትሬ ላይ የወጡ ቀን

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን! አሜን አትሉም እንዴ? ጌታ ይባረክ! ማይኩን ከመዘምራኑ ቀምቼ ነው የመጣሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ካልኩ ግን ዛሬ ምሳ አይዋጥልኝም። ባለቤቴ ተስፋዬ «አጭር አድርጊው» ብሎኛል። እሱ ሲሪንቃ የዘር ሙከራ ላይ ነው የሚሠራው፤ ማሽላም አጭር ሲሆን ነው ደስ የሚለው።

እንደምታውቁኝ መርሳ ከተማ ነው የማስተምረው። የአማርኛ መምህር ነበርኩ፤ ልቤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ቲያትር ላይ ነው። እዚያው ወረዳ ግራና ሳድግ የጎረቤቱን አካሄድ፣ የገበያተኛውን አነጋገር እያስመሰልኩ ሰው ሳስቅ እውል ነበር። ሁሉም ይስቃል፤ አባቴ ብቻ አይስቁም። ትምህርቴን ጨርሼ «ቲያትር ነው የምማረው» ስላቸው፣ «እኔ ልጄን አዝማሪ እንድትሆን አላሳደግሁም» አሉ። እኔ እልኸኛ፣ እሳቸው እልኸኛ። በእልህ ወጣሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የደረሰኝ አማርኛ ሆነ፤ ያንን እንኳ አልነገርኳቸውም። ከዚያ በኋላ በዓል ሲሆን እናቴን ለማየት እሄዳለሁ፤ እሳቸው «ከብት ልይ» ብለው ይወጣሉ። እኔ ስመለስ ይገባሉ። እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ ወገኖቼ። አንድ ወረዳ ውስጥ!

ከጌታም ጋር እንደዚያው ነበርኩ። ተስፋዬ ያምናል፤ እኔ እሁድ እሁድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኝቼው እመለሳለሁ። «እኔ ማንንም ለምኜ አላውቅም፤ እግዜርንም አላስቸግረውም» እለዋለሁ። እሱ አይከራከረኝም። «እሺ፣ እኔ እለምንልሻለሁ» ይለኛል። እንዲህ ያለ ባል ይስጣችሁ እህቶቼ! ስሙ ይባረክ!

ትምህርት ቤታችን የቲያትር ትምህርት ሲጀምር ለጊዜው ያዢው ተባልኩ። በሙያው ዲግሪና ፈቃድ ያለው መምህር ካልተገኘ ግን ትምህርቱ ይቀራል ተባለ። ልጆቹን ብታዩዋቸው! አንዳንዱ ክፍል ውስጥ ስሙን ለመናገር የሚፈራ፣ መድረክ ላይ ንጉሥ ሆኖ ይቆጣችኋል። እነሱን እንዴት ልተዋቸው? በኦንላይን ማስተርስ ጀመርኩ። መርሳ ተቀምጦ ኦንላይን መማርን የሞከረ ያውቀዋል። መምህሩ «ሰላም ናችሁ» ሲል ኔትወርክ ይሄዳል፤ «ቸር ሰንብቱ» ሲል ይመጣል። ተስፋዬ ስልኩን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስሮ ግቢ ለግቢ ሲዞር ጎረቤት «ምን ነካው ይሄ ሰው?» ይል ነበር።

የመጨረሻው ፈተና፣ ተማሪዎቼን አሰልጥኜ፣ ቲያትር በሕዝብ ፊት አሳይቼ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀርጾ የሚላክ ነው። ካለፍኩ የቲያትር መምህር ነኝ፤ ካላለፍኩ ልጆቹም እኔም ቀረን። ጽሑፉን ራሴ ጻፍኩት፤ መምህሮቼም ፈቀዱት። አንድ ልጅ አባቱን ሳያስፈቅድ ዓረብ አገር ይሄዳል። ተሰባብሮ ይመለሳል። አባትየው በሩን ይዘጋበታል፤ ልጁ ደጅ እንደቆመ ያበቃል። ተስፋዬ አነበበና፣ «ይሄ አባት የማን ነው?» አለኝ።

«የማንም አይደለም!» አልኩት። እንዴት እንደተቆጣሁ!

በገበያ ቀን ግራና ላይ አሳየነው። ከአናጢ የተዋስነውን በር በችካል ደግፈን አቆምን። ተስፋዬ ይቀርጻል። አባትየውን እንድሪስ የሚባል ተማሪዬ፣ የጥጥ ጺም ለጥፎ ይሠራል። ሁሉም ነገር ባማረ ሁኔታ ሄደ። እንድሪስ በሩን ዘጋ፤ ልጁ ደጅ ላይ ተንበረከከ። በልቤ «በቃ፣ አለፍኩ!» አልኩ።

ያኔ ከፊት ሸህ ኑርዬ ብድግ አሉ። ግራና ውስጥ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ነው። ዱላቸውን ይዘው ቀጥ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ።

«ኧረ በአላህ! እኛ ተቀምጠን እያየን ልጅ ደጅ ሊቀር?»

ሮጬ ሄጄ፣ «ሸህዬ፣ ድራማ እኮ ነው» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ይሁና! ድራማ ስለሆነ ልጅ ደጅ ይደር?»

በሩን አንኳኩ። እንድሪስ ምን ያድርግ፣ ከፈተ። በዕድሜ የልጅ ልጃቸው የሚሆነውን ልጅ፣ ያውም የጥጥ ጺሙ በላብ ተላቆ፣ አንቱ አሉት! «ጌታው፣ እኛ ቆመን አንቱ አይቀመጡም። ልጁን ካላስገቡ ከዚህ ደጅ አንነሳም።» ሌሎች ሽማግሌዎችም ተነሱ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መድረኩን ሞላው። እንድሪስ ዞሮ ያየኛል። እኔ ካሜራውን አያለሁ፤ የደከምኩበት ሁሉ ሲበላሽ ይታየኛል።

ከሽማግሌዎቹ ኋላ አንድ ሰው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወጡ። አባቴ! መምጣታቸውንም አላወቅሁም ነበር። እንድሪስ ፊት ቆሙ።

«ጌታው፣ ይስሙኝ» አሉት። «እኔም እንዳንቱ በልጄ ላይ ዘግቻለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር ከብት ልይ ብዬ እወጣለሁ። ከብት አላይም። ዛፍ ሥር ተቀምጬ የምትሄድበትን መኪና ነው የማየው። ዘግቶ የሚገኝ ነገር የለም፤ እኔ አይቼዋለሁ። ይውጡለት።»

እንድሪስ፣ ጌታ ይባርከው፣ ጺሙን ነቅሎ ጣለና እያለቀሰ ልጁን አቀፈው። ሴቶቹ እልል አሉ! አባቴ ወርደው ወደ እኔ መጡ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ቀደሙኝና ግንባሬን ሳሙኝ። «ቲያትርሽ ቆንጆ ነው» አሉኝ። «መጨረሻው ብቻ ነው ያልጣመኝ።»

ስሙኝ ወገኖቼ። እንዲህ ተደርጎልኝ፣ በማግስቱ ፈተናው አስጨነቀኝ። የተፈቀደው ጽሑፍ ሌላ፣ የተቀረጸው ሌላ። ለተስፋዬ፣ «ልጆቹን ክፍል ውስጥ ሰብስቤ፣ ሽማግሌ በሌለበት እንደገና እንቅረጸው» አልኩት። የሚያጥበውን ሳህን አስቀመጠ።

«ዓመታት የለመንኩልሽ ነገር ትናንት ተሰጠሽ» አለኝ። «ዛሬ ቆርጠሽ ልትጥዪው ነው?»

ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። ያ የማይለምን አፌ ለመነ ቅዱሳን! «ጌታ ሆይ፣ ደጅ የቆምኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ አባቴም ደጅ ነበሩ። ለካ አንተም በእኔ ደጅ ቆመህ ኖሯል። ግባ» አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ገባ! ሃሌ ሉያ፣ ገባ! ተስፋዬ ከነእርጥብ እጁ መጥቶ አቀፈኝ፤ እሱም ያለቅሳል። ቪዲዮውን እንዳለ ላክነው።

ፈተናውን የሚያርሙት ሁለት መምህራን በኦንላይን ጠሩኝ። «ጽሑፍሽ ላይ በሩ እንደተዘጋ ነው የሚያበቃው። ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ አንደኛው። የሆነውን ነገርኩት። «ለምን አላስቆምሻቸውም?» አለኝ።

«አንዱ አባቴ ናቸው» አልኩት። ኔትወርኩ ጠፋ! እስኪመለስ ጌታን ሳመሰግን ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ጥፍሬን ስበላ ነበር። ሲመለስ ሁለተኛዋ መምህርት ዓይኗን እየጠረገች ነው። መምህሩም፣ «ተመልካቹ ተነስቶ ታሪኩን የራሱ ካደረገው፣ ከዚህ በላይ ምን እንጠይቅሻለን?» አለኝ። አለፍኩ! ጌታ ይባረክ! ዲግሪውም ፈቃዱም መጣ፤ ልጆቹ ከእኔ ጋር ናቸው!

አንድ ነገር ቀረኝ። ጌታን መቀበሌን ለአባቴ መንገር። እሳቸው በማርያም የሚምሉ፣ ጾም የማይሽሩ ሰው ናቸው። ገና አገኘኋቸው ስል ላጣቸው ነው ብዬ ፈራሁ። ዓይናቸውን ለማሳከም ወልድያ ይዣቸው ስሄድ መኪና ውስጥ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲሪንቃን አለፍን። ወልድያ ልንገባ ስንል፣ «እኔ ባለሁበት ነኝ፤ አልለቅም» አሉ። «መኮራረፉን ግን ሁለተኛ አልሞክረውም። ስትጸልዪ ስሜን ጥሪልኝ።» እየጠራሁ ነው ወገኖቼ፣ ጠዋት ማታ!

አሁን ያንኑ ቲያትር ለወልድያ ሕዝብ ልናሳይ እየተለማመድን ነው። አባቴ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ያ ልጅ አባት መሆን አይችልበትም፤ እኔ ልሥራው።» ከግራና እየተመላለሱ ያጠናሉ፤ አንድ ቃል አይስቱም። መጨረሻው ላይ ስንደርስ፣ «አባባ፣ አሁን በሩን ይዝጉ» እላቸዋለሁ። በሩን ይይዛሉ፣ ይቆማሉ። «ተይ ልጄ፣ እጄ እምቢ አለኝ» ይሉኛል።

እንግዲህ ሆድ የባሳችሁ፣ እንደኔ «ማንንም አልለምንም» የምትሉ ካላችሁ እዩኝ። ዲግሪ ያለኝ፣ ፈቃድ ያለኝ የቲያትር መምህር ነኝ፤ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በውሸት እንኳ በር እንዲዘጉ ማድረግ አቃተኝ። የሰማዩ አባታችን በእውነት የሚዘጋብን ይመስላችኋል? ኑ፣ እመኑት!