የእናቴ ተራ

አባቴ ኮልፌ የሰፈራችን ቦኖ ውሃ ጠባቂ ነበር። ሴቶቹ ማለዳ ድንጋይ ደርድረው ተራ ይይዛሉ፤ የትኛው ድንጋይ የማን እንደሆነ እሱ ያውቃል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ማዘጋጃ ቤት «ወጪ ቀንሱ ተብለናል» ብሎ አባቴን አሰናበተና ቦኖውን ቆለፈው። አዲስ ቁልፍ መግዣ ግን አላጣም! አቤት ብንል «በቅርቡ ይከፈታል» አሉን። የምን በቅርቡ! ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፤ ሴቶቹ ድንጋዮቻቸውን በተራቸው እንደተደረደሩ ትተው ወንዝ ወረዱ። አባቴ በየማለዳው እየሄደ ዝናብ ያንሸራተታቸውን ድንጋዮች ወደ ቦታቸው ይመልስ ነበር።

እናቴ በዚያ የወንዝ ውሃ ታማ ሞተች። ከቀብር ስንመለስ ቦኖው ጋ ድንጋይዋን ላነሳ ጎንበስ ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

«ተዪው» አለኝ፤ «ገና ተራዋ አልደረሰም።»