ቁጥር ካለ ቆጣሪ አለ

ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላታል፤ እጇም ምላሷም ይወጋል። ሃያ ዓመት ሙሉ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና ስትረግጥ ቀኝ ጉልበቷ አለቀ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ መርገጥ ይቅርብሽ» ቢላት፣ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሞተር ገዝታ በጨርቅ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስቀመጠች። ሰፈራችን ግን መብራት የለውም። ከገባ ሠርታ ትበላለች፤ ካልገባ ከጉልበቷ ጋር መተዳደሪያዋም ይሄዳል።

ከተማው አድጎ መብራት አልበቃ ስላለው አዲስ ከፍተኛ መስመር ሊዘረጋ ነው ተባለ። ቀያሾች መጡና ግድግዳዋ ላይ በቀይ ቀለም «42» ጽፈው ሄዱ።

«ጋሼ፣ ምንድነው ይሄ?» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አላውቅም ማለት አልለመደብኝም። «ቁጥር ነዋ! ቁጥር ካለ ቆጣሪ አለ። መብራት ሊያስገቡልሽ ነው።»

እልል አለች። የተቀደደ ሱሪዬን በነፃ ጠገነችልኝ።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ጠዋት ቁጥሩ በኖራ ተለቅልቆ አገኘችው። «ምቀኛ! ቆጣሪዬን ሊያስቀሩብኝ!» ብላ ሰፈሩን አንድ በአንድ ረገመች። እኔም የቤቴን በር ከቀባሁበት የተረፈ ቀይ ቀለም ነበረኝና ጣሳውን ይዤ ሄድኩ። እሷ ወንበሩን ያዘችልኝ፣ እኔ ጻፍኩ። እንዳይለቅ ሁለቴ ደረብኩበት። እንዴት ያለ ያማረ አርባ ሁለት መሰላችሁ!

ከሁለት ወር በኋላ አፍራሾች መጡ። ስህተት አለ ብዬ አለቃቸው ፊት ቆምኩ።

«አባባ፣ ቁጥር ያለበት ይፍረስ ነው የተባልነው» አለኝ። «መስመሩ ስለዞረ የተረፉት ቤቶች ቁጥራቸው በኖራ ጠፍቷል። የዚህኛው ይኸው፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩት።

«ለጎረቤት ሲባል ያልተዋሸ ምን አለ!» ብሎ ሳቀ። ለምሳ ሳይደርስ ቤቱ አልነበረም።

ቢሮ ሄጄ ጮህኩ። «ተሰርዞ ነበር እኮ! ማን መልሶ ጻፈው?» አሉኝ።

አሁን የብረት ምሰሶዎቹ ማዶ ተገትረዋል፤ ሽቦው እኛን አልፎ ወደ ከተማው ይሄዳል። ጓዳዬን ለቅቄላታለሁ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ በግራ እግሯ ብቻ ትረግጣለች፤ እሱም ማበጥ ጀምሯል። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ እንዴት በቀለለኝ!

ትናንት ሞተሩን ከነጨርቁ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ፣ ጋሼ። ቆጣሪው ሲመጣ ይነግሩኛል» አለችኝ።

እያሾፈች አልነበረም።