ግማሽ አምፔር

አምሳሉ ቀናተኛ ሰው ነው። ሐሜት እንዳይመስልብኝ፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው የሠራሁ የዕቃ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ፊት ለፊትም ነግሬዋለሁ።

ሐዋሳ ባለው ኮሌጃችን፣ ኤሌክትሪክ ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ሲንክሮነስ ጄኔሬተር አለ። ንፋሱን ተክቶ የሚያዞረው ሞተር ነው፤ ተማሪዎቹ የንፋስ ኃይልን የሚማሩት በዚያ ነው። ንፋሱ ሲበረታና ሲደክም የመስመሩ ቮልቴጅ እንዳይዋዥቅ፣ ወደ ጄኔሬተሩ ማግኔት የሚሄደው ከረንት መስተካከል አለበት። ከረንቱ ሲበዛ ማሽኑ ለመስመሩ ሪአክቲቭ ፓወር፣ ማለትም ቮልቴጁን ደግፎ የሚይዘውን ኃይል፣ ይሰጣል፤ ሲያንስ ከመስመሩ ይወስዳል። በጣም ካነሰ ግን ከመስመሩ ጋር እኩል መዞሩን ይስታል፤ ያኔ ጉድ ነው። አምሳሉ ይህን ሁሉ በአንዲት ጥቁር ማዞሪያና በጆሮው ሲቆጣጠር ኖሯል። ተማሪዎቹ "የጋሽ አምሳሉ እጅ" ሲሉ ይሰማል፤ ደስ ይለዋል።

ከዚያ ሐዳሳ መጣች። ራሱ ማዞሪያውን ያስጨበጣት ልጅ ናት፤ ማስተርሷን ይዛ መምህር ሆና ተመለሰች። በሁለት ወር ውስጥ ከረንቱን በራሱ የሚያስተካክል ትንሽ ሣጥን ሠራች።

"እንግዲህ እጅዎን ያሳርፉ፣ ጋሽ አምሳሉ" አለችው፣ በፍቅር።

"ደከመኝ ብዬሻለሁ?"

ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ላይ ዓሣው እንኳ አልጥም አለው። ወደ ባህል አዳራሽ በባጃጅ ስንሄድም ወሬው እሷው ናት። "እኔ ባሳየኋት ሰው ሆነች" ይላል። ቅናቱ አንገበገበው።

አሁን ወደ ሜትሩ ልምጣ። የማግኔቱን ከረንት የሚያሳየው ሜትር ከሦስት ዓመት በፊት ሲቃጠል፣ አሮጌ ሜትር ከዕቃ ክፍል አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ግማሽ አምፔር አብዝቶ ያሳያል። አምሳሉ በልቡ እየቀነሰ ያነበዋል፤ የትም አልጻፈውም፤ ማን ሌላ ያነበዋልና! ሐዳሳ የሣጥኗን ዝቅተኛ ገደብ፣ ከረንቱ ከዚያ በታች እንዳይወርድ የሚያግደውን፣ ያስተካከለችው ግን በዚያው ሜትር ነው፤ ገደቡ ግማሽ አምፔር ዝቅ ብሎ ተቀመጠ ማለት ነው።

"ነገርካት?" አልኩት።

"ማስተርስ አላት አይደል? ታግኘው።"

እኔም ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ከንፋስ ኃይል ማመንጫ የመጡ መሐንዲሶች ሊያዩ የተሰበሰቡ ዕለት ሣጥኑ ግሩም ሠራ። ንፋሱን ከፍ ዝቅ ስታደርገው ቮልቴጁ ንቅንቅ አላለም። ተጨበጨበላት፤ የአምሳሉ ፊት ጠቆረ። ቀጥላ ማሽኑ ሪአክቲቭ ፓወር ሲወስድ ለማሳየት ከረንቱን እስከ ገደቡ አወረደችና ንፋሱን ጨመረች። ማሽኑ ከመስመሩ ጋር እኩል መዞሩን ስቶ አጓራ፣ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ሁላችንም ደርቀን ስንቀር የአምሳሉ እጅ ቀይዋን የማቆሚያ ቁልፍ መታ።

ሐዳሳ ፊቷ አመድ መሰለ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለች እንግዶቹን። "ጋሽ አምሳሉ ባይኖሩ ማሽኑን አበላሽቼው ነበር።"

ለእሱ አጨበጨቡ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የተመኛት ጭብጨባ ይህቺ ነበረች። ቀና ብሎ አላየንም።

በማግስቱ ጠዋት ሐዳሳን ቀልተው ባበጡ ዓይኖች ወረቀቶቿ ላይ አቀርቅራ አገኘናት። "የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አጣሁት" አለች።

አምሳሉ ሜትሩን ከቦርዱ ፈትቶ ወረቀቷ ላይ አስቀመጠው።

"ስሌትሽ ደህና ነው። ይሄ ግማሽ አምፔር አብዝቶ ያሳያል። አውቅ ነበር።"

ትክ ብላ አየችው። "ረስተውት ነው አይደል?"

በሩ ላይ ቆሜ፣ አዎ በል፣ አዎ በል እያልኩ ለመንኩት በልቤ።

"አልረሳሁም። ቀንቼ ነው።"

እስክሪብቶዋን አነሳች፤ ግማሽ አምፔሯን በወረቀቷ ጠርዝ ላይ ጻፈች፤ ሜትሩን መልሳ ሰጠችው።

"አመሰግናለሁ፣ አቶ አምሳሉ" አለች።

ሣጥኑ ዛሬም ይሠራል። እሷም በየጠዋቱ በአክብሮት ሰላም ትለዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጋሽ ብላው አታውቅም።